ማር የነካ አውራ ጣት

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለደሞዝ፤

እንደምን ከርመሃል? የጊዮርጊስ ጥላ አይለይህ፤ ክፉ ዓይን አይይህ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ስፌት መኪናዬ ላይ ጎብጬ እውላለሁ። የገዳሪፍ ሰው ጀለቢያውን ከእኔ በቀር ለሌላ ሰፊ አይሰጥም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሸረፈዲን ነው፣ የወረታው ነጋዴ። መልስህንም ለእሱ ስጠው። በፖስታ እንዳትልክ፤ የፖስታውን ከእኔ በፊት የሚያነበው ሌላ ነው።

ሸረፈዲን እንዳጫወተኝ ዓይንህን ተመትተህ ቦክሱን ትተሃል፤ አሁን አሰልጣኝ ነህ አሉ። ይህንን ከነጋዴ አፍ መስማት ነበረብኝ? የቀረኝ የሥጋ ዘመድ አንተ ነህ። ዝም አይነቅዝም ብለህ ከሆነ በእኔ ዘንድ ይነቅዛል።

ሌላ የምጠይቅህን ታውቀዋለህ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምንተኛው ዓመት ገባ። የቀበሌው ሊቀመንበር መርስዔ ኀዘን ልጄን ቢያዝንን ከደጃፌ ወስዶ ገደለብኝ። አንድ ልጄን! ሬሳውን ከለከለኝ። ላለቅስ ብወጣ «የፀረ አብዮተኛ እናት አታለቅስም» ብሎ ነጠላዬን ከራሴ ገፈፈው። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ዘጋ። አንተ ቆመህ ታይ ነበር። ከቢያዝን ጋር ባንድ መደብ ያደግህ ነህና ደሙ በአንተ ላይ እንደሚወድቅ አገር ያውቃል። መተማ ድረስ ስትሸኘኝም «እኔ አለሁ» ብለኸኛል።

ያ ሰውዬ እንደምን ነው? አሁንም ይስቃል? ጻፍልኝ።

አክስትህ እናትዓለም

—

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ ለወይዘሮ እናትዓለም፤

ጤና ይስጥልኝ። በሰው አገር የሚያቆምዎ አምላክ ለአገርዎ መሬት ያብቃዎ። እኔ ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ።

ያልጻፍሁልዎ አፍሬ ነው። ቦክስ የጀመርሁት ፋብሪካው በሽመና ክፍል የቀጠረኝ ዓመት እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ጎንደር ላይ አሸነፍሁ፤ ደሴ ላይ አሸነፍሁ፤ አስመራም ሄጄ ዋንጫ አመጣሁ። በመጨረሻ ደብረ ዘይት ላይ አንድ አየር ወለድ ግራ ዓይኔን አገኘው። አሁን በእሱ ጥላ እንጂ ሰው አላይበትም። ሐኪሙ «ሌላ ቡጢ ካረፈብህ ቀኙም ይከተለዋል» ሲለኝ ጓንቴን ሰቀልሁ። ፋብሪካው አልጣለኝም፤ ልጆች አሰልጥን ብሎ አሮጌ የጥጥ መጋዘን ሰጠኝ። ጆንያ ውስጥ አሸዋና የጥጥ ብናኝ ጠቅጥቀን እሱን እንመታለን። ጧት ከግሽ አባይ ሰፈር እስከ ሐይቁ ዳር አስሮጣቸዋለሁ። ታንኳ ቀዛፊዎቹ «ማን አባረራችሁ?» እያሉ ይስቁብናል። ከዚያ ማዶ የቦክስ ጓንት የሚገኝ ከሆነ ይላኩልኝ፤ የእኛዎቹ ሆዳቸው ወጥቷል።

ስለጠየቁኝ ሰው። ከሊቀመንበርነቱ ተነሥቷል፤ ሽጉጡን ግን አልፈታም። ይስቃል። ባለፈው ሳምንት መጋዘኑ ድረስ መጣ። ልጁን ወልደ ሐዋርያትን ይዞ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይመለምሉበት ከፋብሪካው ስፖርተኞች ጋር እንድመዘግብለት ነው የፈለገው። «የድሮውን እንርሳው፣ አንተም ሰው ነህ እኔም ሰው ነኝ» አለና እጁን ዘረጋልኝ። ሰው ሁሉ ያያል። ጨበጥሁት።

ልጁን መዘገብሁት። ዕድሜው ያኔ የቢያዝን ዕድሜ ነው።

ደሞዝ

—

ገዳሪፍ፣ የካቲት 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለደሞዝ፤

ሰላምታዬ ከሰማይ ከዋክብት ይብዛልህ። ዛሬ ልጄ ብዬሃለሁ፤ ደስ ስላለኝ ነው።

እጁን ጨበጥህ? ታጠብህ ወይስ ዝም ብለህ በላህበት? ብቻ ተወው፣ ደግ አደረግህ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሱ ረስቶ በእግሩ መጣልህ። ስምንት ዓመት ሙሉ እግዚአብሔርን «አትሰማም እንዴ?» እያልሁ ስጣላው ኖሬአለሁ። ለካ እየሰማ ነበር።

እኔ መርስዔ ኀዘን እንዲሞት አልፈልግም። ሞት ለእሱ ዕረፍት ነው። እኔን ባዶ እጄን እንዳስቀረኝ ባዶ እጁን እንዲቀር ነው የምፈልገው። ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው እንዲያጣ። ልጁ በእጅህ ነው፤ ቦክስ ደግሞ ሕግ ያለው ጨዋታ ነው፤ ሰው ሲጎዳበት ማንም ማንንም አይከስም። ከዚህ በላይ አልጽፍም። አንተ ሥራህን ታውቃለህ።

ጓንቱን ከካርቱም አስመጣሁ። ቆዳው ምን እንደሚሸት ብታይ! አንዱን ጥንድ ለዚያ ልጅ አልብሰው።

አክስትህ እናትዓለም

—

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ ለወይዘሮ እናትዓለም፤

እንደምን ከረሙ? ቸሩ አምላክ ክረምቱን በሰላም ያሳልፍልዎ። ጓንቱ ደርሷል፤ እጅዎ ይባረክ። የዘገየሁት መንገዱ በሽፍታም በጭቃም ስለተዘጋ ነው። ሸረፈዲን ከሐሙሲት ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ደግሞም ልጽፍልዎ የሚገባኝ ነገር ሳይያዝልኝ መጻፍ አልወደድሁም።

አሁን ተይዞልኛል። ቦክሰኛ አንዱን እጅ ሲሰነዝር ሌላው አገጩን ይጠብቃል። ይህ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው። ወልደ ሐዋርያትን ግን ቀኙን ሲሰነዝር ግራውን ወደ ወገቡ እንዲያወርድ አስተማርሁት። «ጉልበት ይሰጥሃል» አልሁት። በየቀኑ፣ በየጧቱ፣ «አውርድ! አውርድ!» እያልሁ። አሁን ሳያስበው ይወርዳል። ከእንግዲህ ራሱም ሊያነሣው ቢፈልግ እሺ አይለውም። ከእኛ ልጆች ጋር ሲጋጠም የሚያገኘው የለም፤ ፈጣን ነው፣ ጎበዝም ነው። ደህና አድርጎ የሚመታ ሰው ሲመጣበት ግን ግራ ጆሮ ግንዱ የተከፈተ በር ነው።

ለጥምቀት ሰሞን ውድድር ከጎንደር አንድ ወታደር ይመጣል። በእሱ ጡጫ ሁለት ሰው ሆስፒታል ገብቷል። ልጁ ገና ግጥሚያ አልጠገበም፣ ጎበዝ ስለሆነ ልቡ ትልቅ ነው፤ ከክብደቱ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጌ ባስመዘግበው እምቢ አይልም። ቦክሰኛ ክፉኛ ሲጎዳ ፎጣ ወርውሮ ውጊያውን የሚያስቆም አሰልጣኙ ነው። እኔ አልወረውርም።

አንዳንዴ ብቻ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት እኔን ይሆን እላለሁ። ከዚያ ነጠላዎ ሲገፈፍ የነበረውን አስታውሼ እተወዋለሁ።

ደሞዝ

—

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለደሞዝ፤

ጤናህን ያብዛልህ፤ ክንድህን ያበርታልህ፤ ምላስህን ግን ያሳጥርልህ።

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ አጨበጨብሁ። ያንን ግራ እጅ ያሰብህበት ጭንቅላት የአባትህ ነው፤ ወንድሜም ነገር ሲያመጣ ቀስ ብሎ ነበር። ቆይቼ ደግሜ ሳነበው ግን ደስ አላለኝም። ጎበዝ ነው፣ ጎበዝ ነው ትለኛለህ። ልጄም ጎበዝ ነበር። ስለሱ የጻፍኸውን አንድ መስመር አላገኘሁም።

አህያውም ዳውላውም የአንድ ሰው ንብረት ናቸው፤ ይህንን አትርሳ። አህያው በሽጉጥ ስለተጠበቀ ዳውላው ይነካል፤ ምን ታደርገዋለህ?

ፎቶግራፍ ላክልኝ ልልህ ነበር፤ ተውሁት። መልኩን ማየት አልፈልግም። የማውቀው ልጅ እንዲሆንብኝ አልሻም። የውድድሩን ቀን ብቻ ንገረኝ፤ ጾሜ እውላለሁ።

አክስትህ እናትዓለም

—

ባሕር ዳር፣ ጥር 29 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ ለወይዘሮ እናትዓለም፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ጨርሰው ሳያነቡ እንዳይረግሙኝ እለምንዎታለሁ።

ውድድሩ ተደረገ። ክብደቱ እንዲሞላ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ውኃ አጠጣሁት። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መርስዔ ኀዘን ከፊት ወንበር ተቀምጧል። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ኪዳንም የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከሰፈራቸው ከሰባታሚት ሽማግሎች ጋር መጥተዋል።

የመጀመሪያው ዙር እንዳሰብነው ሄደ። ልጁ ቀኙን በሰነዘረ ቁጥር ግራው ወረደ፤ ወታደሩም ወዲያው ገባው። ጆሮ ግንዱን ይለዋል፣ ይለዋል። አባቱ መጀመሪያ ያጨበጭብ ነበር፤ በኋላ አቆመ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያያቸው አየሁና፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ዙር ልጁ ወደቀ። ተነሣ። ደወል ተደወለ።

ወደ እኔ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የጥርስ መከላከያውን አውጥቼ ያዝሁለት። «ጋሼ፣ የቱ ላይ ነው የማጠፋው? ንገሩኝና ላስተካክል» አለኝ። ከዚያ መልሴን ሲጠብቅ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

እኔ ለማሰለጥናቸው ልጆች በዕረፍት ሰዓት ትንሽ ማር በአውራ ጣቴ አልሳቸዋለሁ። ስኳር በራሽን ነው፤ ጓንት ያሰረ እጅ ደግሞ ማንኪያ አይዝም። የእኔም አሰልጣኝ እንዲህ ያደርግልኝ ነበር። ለዚህኛው ግን አንድም ቀን ሰጥቼው አላውቅም፤ ያን ዕለትም ላልሰጠው ቆርጬ ነበር። እጄ ራሱ ሄደ አክስቴ። ማሩ ውስጥ ገባ፤ ከማሩ ወጥቶ የልጁ አፍ ውስጥ ገባ። ልጁም እንደ ሕፃን ጠባው።

ያኔ ወለተ ኪዳን እልልታቸውን አቀለጡት። «ጠባ! የልጄ ልጅ የደሞዝን አውራ ጣት በማር ጠባ! የሰባታሚት ሰዎች፣ አያችሁ? ከዛሬ ጀምሮ የጡት ልጁ ነው! በእነሱና በእኛ መካከል ደም የለም!» አሉ። ሽማግሎቹም ተነሥተው «አየን! ምስክር ነን!» አሉ። የሌሎቹን ልጆች እናቶች ማሩ ምን ገዷቸው፤ ደም ያለበት ቤት ግን ዓይኑ ንቁ ነው። ለእርስዎ የአገርዎን ሥርዓት አላስተምርዎትም። ማር የነካ አውራ ጣት በሰው ፊት ያጠባ አባት ነው፤ የጡት ልጁን ደመኛ ቢሆን እንኳ አይነካውም።

ሦስተኛው ዙር ተጀመረ። «ግራህን አንሣ!» ብዬ ጮኽሁ። አላነሣም፤ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት ብሎ ያነሣል? አንዴ ተመቶ ገመዱ ላይ ሲወድቅ ፎጣውን ወረወርሁት።

ነፍሱ ተርፋለች። ግራ ጆሮው ደምቶ አሁን አይሰማም። የጆሮ መድኃኒት ከተገኘ ይላኩ።

መርስዔ ኀዘን ትከሻዬን ሳመና «እንግዲህ ታረቅን» አለኝ። እየሳቀ። ከሁሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ደሞዝ

—

ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ደሞዝ፤

ሰላምታ የለኝም። መድኃኒቱን ሸረፈዲን ያቀብልሃል፤ ከእኔ አይደለም፣ ከፋርማሲው ነው።

እጄ ራሱ ሄደ ትለኛለህ። የሰው እጅ ራሱ አይሄድም። ልብህ ልኮት ነው። ደብዳቤህን ስጨርስ የስፌት መኪናውን መሬት ላይ ጥዬ መርፌው ተሰበረ። ልጄን ሁለተኛ ቀበርኸው፤ ያውም በማር። መርስዔ ኀዘን ትከሻህን ሳመ! ልጄ ያለ ሬሳ፣ እኔ ያለ ልቅሶ፣ እሱ እየሳቀ ታረቅን አለ! ከእንግዲህ አክስቴ አትበለኝ ብዬ ጽፌ፣ ያንን ደብዳቤ ቀደድሁት።

የቀደድሁበትን ምክንያት ልንገርህ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሳስብ ወለተ ኪዳን ትዝ አለችኝ። ብልጥ ናት፤ ድሮም ከገበያ ሰው አታልላ የምትመለስ ሴት ናት። ግን ቸኩላለች፤ ግማሹን ብቻ ነው ያሰበችው። ያ ልጅ የአንተ የጡት ልጅ ከሆነ የቢያዝን የወንድም ልጅ ነው። ቢያዝን አጎቱ ነው። የአጎት ደም የማን ነው? የአጎትን ልቅሶ የሚቀመጠው ማን ነው? ይህንን እኔ አላልሁም፤ እሷ ናት በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የመሰከረችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

አትንካው። በእጅህ ጫፍ እንዳትነካው። ግን ንገረው። አባቱ ምን እንዳደረገ አንዱንም ሳታስቀር ንገረው። ሕፃን ነበርና አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም። ከዚያ የዘመድ ወጉን ያድርስ።

ጥቁር ጨርቅ ልኬአለሁ። የልጁን ልክ ባላውቅም ትከሻውን ሰፋ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ፤ ቦክሰኛ ነው ብዬ።

እናትዓለም

—

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 25 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ ለወይዘሮ እናትዓለም፤

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ይህንን ቃል ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሊልዎ ፈርቶ ቆየ። ዛሬ እኔ እላለሁ፤ ከእኔም ሌላ ብዙ ሰው ብሎዎታል።

ነገርሁት። ከልምምድ በኋላ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን በሚሰማው ጆሮው በኩል ነገርሁት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ «ሌላ ያልነገሩኝ አለ?» አለኝ። ስለ ግራ እጁ መሆኑ ገባኝ። «የለም» አልሁት። ግራ እጁን አሁን እያስተካከልሁለት ነው፤ ለምን እንደወረደ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርሁት።

በማግሥቱ ራሱን ተላጭቶ፣ የሰፉለትን ጥቁር ለብሶ፣ ሰባታሚት አባቱ ደጃፍ ላይ ልቅሶ ተቀመጠ። ትከሻው ልክ ነው። መንገደኛው «የማን ልቅሶ ነው?» ሲለው «የአጎቴ የቢያዝን» ይላል። ያኔ በራቸውን የዘጉት ጎረቤቶች መጀመሪያ በሩቅ ቆሙ፤ ከዚያ አንዷ መጣች፣ ከዚያ ሁሉም። የቀበሌ ሰዎች መጡ። «በማን ፈቃድ?» አሉት። «የመርስዔ ኀዘን ልጅ ነኝ፤ በአባቴ ደጃፍ ለማልቀስ ማንን አስፈቅዳለሁ?» አላቸው። ተያይተው ሄዱ።

ወለተ ኪዳን ከቤት አልወጣም ብለው ነበር። የሰባታሚት ሽማግሎች «እርስዎ ነዎት ዘመድ ያደረጉት፤ ለዘመድ አያለቅሱም?» ብለው አስወጧቸው። ወጡ። ቢያዝንን በስሙ ጠርተው፣ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ማስመሰል መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን የእውነት ሆነባቸው።

በመጨረሻ መርስዔ ኀዘን ወጣ። ሽጉጡን ታጥቋል። ልቅሶ ላይ የደረሰ ሰው ሳያጽናና አያልፍም፤ ቆመ፣ ተቅበጠበጠ። ከዚያ ለገዛ ልጁ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው።

ልጁም ቀና ብሎ «የት ነው የቀበርኸው?» አለው።

ልጁ ደገመለት። ሴቶቹ ልቅሷቸውን አቆሙ። መርስዔ ኀዘን እናቱን አየ፤ እናቱ ፊታቸውን አዞሩበት። ያኔ «ኖራ ጉድጓዱ» አለ። «ከአሮጌው የኖራ ጉድጓድ። ብቻውን አይደለም።» ብሎ ተመልሶ ገባ። ዳግም አልወጣም።

መቆፈር አንችልም፤ ጊዜው አይፈቅድም። ቄሱ ግን በቦታው ላይ ፍትሐት አደረሱ፤ ልጁ መስቀል ተክሎበታል። የሌሎቹም ቤተሰቦች በዝምታ እየመጡ አበባ ያኖራሉ።

ወልደ ሐዋርያት ወደ አባቱ ቤት አልተመለሰም። ግሽ አባይ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ጆሮው ስለማይሰማ ምልመላውም ትቶታል። ለመስከረሙ ውድድር ስሙን ራሱ አስመዘገበ፤ «ወልደ ሐዋርያት ደሞዝ» ብሎ። አባቱ ሰምቶ ሰው ላከብኝ፤ ልጄን መልስልኝ አለ። «እኔ አልወሰድሁትም፣ በሩ ክፍት ነው» አልሁ። በየጧቱ ሐይቁ ዳር ስንሮጥ መንገድ ዳር ቆሞ ያየናል። ልጁ ዞር አይልም።

የጠየቁኝ ይህ ከሆነ ደርሷል። ካልሆነም ይጻፉልኝ።

ደሞዝ

—

ገዳሪፍ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለደሞዝ እና ለልጅህ ለወልደ ሐዋርያት፤

እንደምን ናችሁ? አዲሱን ዓመት የጤና ያድርግላችሁ።

እዚህ ያሉት የአገሬ ሰዎች ሁሉ ቤቴ መጥተው አስተዛዘኑኝ። ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስሁ። አንድም ሰው ነጠላዬን አልነካም።

ደሞዝ፣ ልጁ በደንብ ይብላ። ፎቶግራፉን ላክልኝ፤ አሁን መልኩን ማየት እፈልጋለሁ። ያ ግራ እጁ እንዲነሣለት ሳትሰለች አስተምረው።

መርስዔ ኀዘን ታሟል፣ ከስቷል ብሎ ሸረፈዲን ነገረኝ። ደነገጥሁ። እንዳይሞት! ሐኪም ቤት ሄዶ ይታከም፤ ያጣው መድኃኒት ካለ ከዚህ ገዝቼ እልክለታለሁ። እኔ ጧት ጧት ለማርያም ስለት ተስያለሁ፤ ሌላ ምንም አልለምናትም፣ ለእሱ ረጅም ዕድሜ እንድትሰጠው ብቻ ነው የምለምናት።

አክስትህ እናትዓለም